የወንዝ ዳር ገንዘብ ከየት ይጀምር?

(በጎልማሶች የንባብና የጽሕፈት ትምህርት ፕሮግራም በሬዲዮ የተነበበ ንግግር፤ ለንባብ ቡድኖች እንዲያገለግል የታተመ)

በቢቸና፣ በሞጣና በዙሪያቸው ባሉት ቀበሌዎች በንባብ ቡድን ተሰብስባችሁ የምታዳምጡን ሁሉ፣ ደብተርና እርሳሳችሁን አዘጋጁ። አመቻቾችም ሰሌዳውን ወደ ብርሃን አዙሩት። ዛሬ የምንጽፋቸው ቃላት ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው «ወንዝ»፣ ሁለተኛው «በጀት»። ሁለቱም ሦስት ሦስት ፊደል ናቸው። የመጀመሪያውን ፊደል ሳንቆጥርም እናውቀዋለን፤ ቀድተነዋል፣ ተሻግረነዋል፣ በክረምትም ፈርተነዋል። ሁለተኛውን ግን ብዙዎቻችን የምንሰማው በስብሰባ ላይ «በጀት የለም» ሲባል ነው።

ርእሱን ያመጡት ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው። በሞጣ ዙሪያ የሚገኝ አንድ የንባብ ቡድን በአመቻቹ በኩል እንዲህ ሲል ጠይቆናል፤ ስለ ሐይቅ ዳርና ስለ ወንዝ ዳር ልማት በየጊዜው እንሰማለን፤ መንግሥት ብዙ ገንዘብ ያወጣበታል ይባላል፤ እኛ ሐይቅ የለን፣ ወንዛችንም ገደል ውስጥ ነው፤ ታዲያ ይህ ነገር እኛን በምን ይመለከተናል? ጥያቄው ቅሬታ አለበት፤ ቅሬታውም አግባብ ነው። መልሴን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ከዚያ አቀርባለሁ። ለውኃ ዳር የሚወጣ ገንዘብ ውኃው ከሚነሣበት ተራራ ካልጀመረ፣ ዳሩ ላይ የተሠራው ነገር አይከርምም። ተራራው ደግሞ ያለው በእናንተ ዘንድ ነው።

እስቲ በመጀመሪያ ገንዘቡን እንቁጠረው። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የአዲስ አበባን ወንዞች ዳርቻ ለማልማት ዕቅድ ይፋ አደረገ። ከእንጦጦ ተነሥቶ እስከ አቃቂ በሁለት ወንዞች ዳር 56 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ፣ 29 ቢሊዮን ብር የተገመተለት፣ በሦስት ዓመት ይፈጸማል የተባለ ሥራ ነበር። ቁጥሩን በደብተራችሁ ጻፉት፤ 29 ብላችሁ ዘጠኝ ዜሮ ቀጥሉበት። አሁን ለ56 አካፍሉት። ማካፈል ያልደረሳችሁ አመቻቹ ይሥራላችሁ። ለአንድ ኪሎ ሜትር ከ517 ሚሊዮን ብር በላይ ይደርሳል ማለት ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ለዚሁ ሥራ ገንዘብ ለማሰባሰብ «ገበታ ለሸገር» የተባለ የእራት ግብዣ ተደርጎ፣ የአንድ ወንበር ዋጋ 5 ሚሊዮን ብር ነበር። በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ ደግሞ «ገበታ ለሀገር» ተብሎ ለጎርጎራ፣ ለወንጪና ለኮይሻ 3 ቢሊዮን ብር ለማሰባሰብ ታቀደ። በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ በጎርጎራ የተሠራው መዝናኛ በ2016 ዓ.ም. ተመረቀ። በዚያው ዓመት በግንቦት፣ በባሕር ዳር 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለአገልግሎት ተከፈተ።

እኔ በዚህ ሁሉ ከሚከፉት ሰዎች አይደለሁም። ባሕር ዳር ሄጄ በአዲሱ ድልድይ ላይ በእግሬ ስሻገር ደስ ብሎኛል፤ ሰው ቆሞ ውኃውን ያያል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። ቆሻሻ ይጣልበት የነበረ ወንዝ ዳር ሰው የሚቀመጥበት ሲሆን ክብሩ ለሰውም ነው። አዲስ አበባ በ2017 ዓ.ም. ወንዝ የሚበክለውን የሚቀጣ ደንብ ማውጣቷም በጎ ነው። ነገር ግን የጣናን ነገር ተመልከቱ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ ታየ። ሕዝቡ በየዓመቱ በእጁ ሲነቅል፣ መኪናም መጥቶ ሲያጭድ ከርሟል። አረሙ የሚመገበው ምንድን ነው? ከየእርሻው ታጥቦ በገባ አፈርና ማዳበሪያ ነው። ዳሩን በድንጋይ ብናሳምረው፣ ላይኛው እርሻ አፈሩን እየላከ አረሙን ይቀልበዋል።

ይህን ይበልጥ የሚያስረዳ ነገር አለና ወደ ድሬዳዋ ልውሰዳችሁ፤ ሩቅ ነው፣ ለቢቸና ሰው ግን እንግዳ ነገር አይደለም። ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍለው ደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ከአጠገቡም ይኖራል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ሌሊት ይህ አሸዋ ወንዝ ሆኖ ተነሣና ከ250 በላይ ሰው ገደለ። ሕዝቡ ተኝቶ ነበር። ጎርፉን ያመጣው ከከተማው በላይ በሐረርጌ ደጋ የወረደው ከባድ ዝናብ ነው፤ ደጋው ተራቁቶ ስለ ነበር ውኃውን የሚይዘው አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንቡ ያስፈልጋል። ነገር ግን ግንብ የሚጠብቀው የመጣውን ውኃ ነው እንጂ የሚመጣውን አያሳንሰውም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ጅብራና አስታ የሚበቅልበት ተራራ ነው። ከእርሱ የሚነሡት ወንዞች ብዙ ናቸው፤ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋ፣ ተምጫ፣ ለሞጣ ሰው ደግሞ አዙዋሪ። መንገዳቸው ይለያይ እንጂ መድረሻቸው ዓባይ ነው። ዓባይ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉባ ላይ በተመረቀው በታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይጠራቀማል። ግድቡ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሥራው ሲጀመር ጀምሮ ገበሬው፣ መምህሩ፣ ወታደሩ ቦንድ እየገዛ ያቆመው ነው። ከእናንተም መካከል የቦንድ ወረቀቱን በሣጥን ያስቀመጠ አይጠፋም። እንግዲህ ከጮቄ ተጠርጎ የሚሄደው አፈር የሚያርፈው በገዛ ገንዘባችን በሠራነው ግድብ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ምን ያህል አፈር? የመሬት ጥበቃ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ከሚታረስ መሬት በዓመት በሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል ብለው ገምተዋል። ሄክታር ማለት አራት ጥማድ ያህል ነው። 42 ቶን 420 ኩንታል ነው። ቢቸና የጤፍ አገር ነው፤ ከአራት ጥማድ ስንት ኩንታል ጤፍ እንደምታገቡ እናንተ ታውቃላችሁ፤ 20 ኩንታል ያገባ ሰው እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። ሃያ ኩንታል ወደ ጎተራ፣ አራት መቶ ሃያ ኩንታል ወደ ወንዝ! ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፏቸው።

የሞጣ ሰዎች «ወንዛችን ገደል ውስጥ ነው» ያሉትም እውነት ነው። ወደ ዓባይ በሚወርደው ገደል ሰባራ ድልድይ አለ። በአፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት፣ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ሲሆን ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች ቆረጡትና ስሙ ሰባራ ሆኖ ቀረ። ከዚያም ሰው ለብዙ ዘመን በገመድ እየተጎተተ ተሻገረ። በ1990ዎቹ ከውጭ አገር በመጡ በጎ ፈቃደኞች ርዳታ ተጠግኖ ነበር፤ ጥገናው ግን ብዙ አልቆየም፤ በኋላ በዚያው አካባቢ ለእግረኛ የሚሆን ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። የውኃ ዳር ልማት ሲባል መናፈሻ ብቻ ለምን እንደሚታሰበን አላውቅም። ለሞጣ የውኃ ዳር ልማት ማለት ሰው በሕይወት የሚሻገርበት ድልድይ ነው፤ የታሪክ ቅርስም ከነመንገዱ ሲጠበቅ ነው።

ስለ ድልድይ ካነሣሁ አይቀር የራሴን ትዝታ ልንገራችሁ። በምሥራቅ ጎጃም በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ከትምህርት ቤቱ በታች አንድ ወንዝ አለ፤ በበጋ ቁርጭምጭሚት አይደርስም፣ በነሐሴ ግን በሬ ይወስዳል። ከማዶ የሚመጡ ልጆች የመስከረምን ትምህርት አያገኙትም ነበር። አንድ ዓመት አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ከጎረምሶች ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲሻገር ውኃው ነጠቀው። ጎረምሶቹ ከታች ደርሰው አወጡት፤ ደብተሩ ግን ሄደ። እናቱ ከዚያ በኋላ መስቀል አልፎ ውኃው እስኪጎድል ድረስ አልሰደደችውም። መጥቼ አልወቀስኋትም፤ ምን ብዬ?

በተከታዩ ዓመት ደስ የሚል ነገር መጣ። አንድ መሥሪያ ቤት ድንጋይና ሲሚንቶ አስመጥቶ ትንሽ ድልድይ ሠራ፤ ዳርና ዳሩን በሽቦ በታሠረ ድንጋይ ደገፈው፤ ጥቂት ችግኝም ተከለ። ተመረቀ፤ ፎቶግራፍ ተነሣ። አጠገቡም የፕሮጀክቱ ስም፣ ዋጋው፣ የተጀመረበትና የሚያልቅበት ቀን የተጻፈበት ታፔላ ቆመ። ከድልድዩ ሽቅብ አንድ ሩብ ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ ላይ ግን ከመንገድ ቦይ የሚወጣ ውኃ የከፈተው ቦረቦር ነበረ። በየዓመቱ ይሰፋል፤ የሰው ማሳ እየበላ ድንጋይና ግንድ ወደ ወንዙ ይልካል። የቀበሌው ሽማግሌዎች «ይኸ ሳይዘጋ ታቹ አይረጋም» ብለው ነበር፤ መልሱ «የዚያ ሥራ በዚህ በጀት ውስጥ የለም» ሆነ። በመጀመሪያው ክረምት፣ በሐምሌ አጋማሽ፣ ወንዙ ድልድዩን ይዞት ሄደ። ታፔላው ቀረ።

በማታው የጎልማሶች ክፍል ፊደል ጨርሰው ቁጥር የጀመሩ አንዲት እናት ተማሪ ነበሩኝ። እናታቸው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የምስክር ወረቀት ያገኙ ናቸው፤ «እሷ አንብባ እኔ ልቀር?» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ ከታፔላው ሥር ቆሙና ፊደሉን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመሩ። ቁጥሩ ላይ ሲደርሱ ዜሮዎቹን በጣታቸው ቆጥረው፣ «የኔታ፣ ይኸ ሚሊዮን ነው?» አሉኝ። አዎን አልኋቸው። ዝም አሉ። ጥቂት ከሄድን በኋላ፣ «ይኸን ያህል ገንዘብ ከመጣ፣ ለላይኛው ቦረቦር ድንጋይ መጫኛ እንዴት ጠፋ?» አሉ። እኔ መምህሩ ያን ታፔላ በየቀኑ አልፈው ነበር፤ ይህ ጥያቄ ግን አልመጣልኝም።

ለመሆኑ ላይኛውን ማዳን ይቻላልን? ይቻላል፤ ምስክሩም እዚሁ ጎጃም ነው። ከጮቄ ግርጌ በደምበጫ ወረዳ አንጀኒ በሚባል ቦታ በ1976 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቋመ። ከጥቂት ዓመት በኋላ በገበሬው ማሳ ላይ አፈሩ ወደ ላይ የሚደለደልበት፣ «ፋንያ ጁ» የተባለው እርከን ተሠራ። ውኃው ያመጣው አፈር ከእርከኑ ጀርባ እየተጠራቀመ፣ ቁልቁለት የነበረው ማሳ ቀስ በቀስ ደረጃ ሆነ። በትግራይም አብርሃ ወአጽብሃ የምትባለው መንደር ተራራዋን ከልላ፣ ክትር ሠርታ፣ የነጠፈው ጉድጓድ ውኃ መለሰ። በ2004 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማት ሰጥቷታል።

በክልላችንም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሕዝቡ በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ያለ ክፍያ ለተፋሰስ ሥራ ሲወጣ ቆይቷል። የሠራውም ሥራ ብዙ ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር። በየካቲት የሠራነውን እርከን በመጋቢት ከብት ለቀንበት ያፈረስን እኛው ነን። ልቅ ግጦሽ ሳይቆም የተቆለለ ድንጋይ፣ ድንጋይ ብቻ ነው። ቁጥር ለማሟላት ያለ ቅያስ የተቆፈረ እርከንም አይቻለሁ፤ ውኃውን ሰብስቦ በአንድ ቦታ ያፈነዳዋል፣ አዲስ ቦረቦር ይከፍታል። ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት በብዙ ቀበሌ ትምህርቱም የተፋሰሱም ሥራ ተቋርጧል። መሬቱ ግን ጊዜ አይሰጥም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ከጮቄ ሥር ገብስና ድንች የሚዘራ ገበሬ እርከን ሲሠራ ከጠባብ ማሳው ላይ መሬት ይለቃል። የጉልበቱ ዋጋ በየትም መዝገብ ላይ በብር አልተጻፈም። ውኃው ሲጠራ ግን የሚጠቀመው ታች ያለው ከተማ ነው፣ ግድቡ ነው፣ ሐይቅ ዳር የሚዝናናው ሰው ነው። ታዲያ ታች ለወጣው በኪሎ ሜትር በመቶ ሚሊዮኖች ሲቆጠር፣ ላይ ለዴሾ ሣር ቁራጭ፣ ለትሪ ሉሰርን ዘር፣ ለሽቦና ለድንጋይ ማመላለሻ መኪና «በጀት የለም» መባሉ ተገቢ ነው? በእኔ አስተያየት አይደለም። ለውኃ ዳር ሥራ ገንዘብ ሲታሰብ የላይኛው ገበሬ ድርሻ በዚያው ዕቅድ፣ በዚያው ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት። ገንዘቡ ፈጽሞ የለም እንዳይባልም፣ አገራችን በ2004 ዓ.ም. ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ የሚል ስልት አውጥታለች፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ለአረንጓዴ ዐሻራና ለተጎዳ መሬት ማገገሚያ የሚውል ልዩ ፈንድ በአዋጅ ተቋቁሟል። እንዲህ ያለ ገንዘብ መኖሩን የሚያውቅ ቀበሌ ይጠይቃል፤ የማያውቅ ቀበሌ ግን የሚጠይቀው እንኳ የለውም።

እንዴት ነው የሚጠየቀው? አሁን «በጀት» የሚለውን ቃል እንፍታው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ገንዘቡ ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ በድጎማ ይወርዳል፤ ወረዳው የሚሰበስበው ግብርም ይጨመርበታል። ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ በተስፋፋው አሠራር መሠረት የወረዳ በጀት ለሕዝብ በሚታይ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ወረቀቱን ስታዩ ሁለት ቃላት ፈልጉ፤ «መደበኛ» እና «ካፒታል»። መደበኛው ለደመወዝና ለሥራ ማስኬጃ የሚሆን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ትልቁ ቁጥር እርሱ ነው። የእኔም ደመወዝ ከዚያ ውስጥ ነውና በእርሱ ላይ አልከራከርም። ካፒታሉ የሚሠራ ነገር ነው፤ መንገድ፣ ድልድይ፣ የውኃ ጉድጓድ፣ ክትር። ጣታችሁን ካፒታል ከሚለው ላይ አድርጉና ወደ ጎን ሂዱ። ስንት ነው? ለምን ሥራ ነው? ሥራው ድልድይ ከሆነ፣ ከድልድዩ ሽቅብ ላለው ቦረቦር የተያዘ ነገር አለ? ከተሠራ በኋላ በየዓመቱ የሚጠግነው ማን ነው፣ በምን ገንዘብ? መልሱ «ሕዝቡ በጉልበቱ» ከሆነም መልካም፤ ስንት ቀን፣ በየትኛው ወር፣ በማን ቅያስ የሚለው ይጻፍ።

ጊዜውንም ዕወቁ። በሐምሌ የሚጠይቅ ሰው ድግሱ ካለቀ በኋላ የመጣ እንግዳ ነው። ዕቅድ የሚሰበሰበው በበጋው ነው፤ ለተፋሰስ ሥራ ከምትወጡበት ከጥርና ከየካቲት ጀምሮ እስከ ግንቦት። ስብሰባ ስትጠሩ ቦረቦሩን በእርምጃ ለክታችሁ፣ ርዝመቱንና ጥልቀቱን፣ ስንት ጥማድ እንደ በላና የማን የማን ማሳ እንደሆነ በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። በአፍ የተነገረ ስብሰባው ሲበተን ይበተናል። በጽሑፍ የቀረበ ግን መዝገብ ቤት ይገባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩን ይዛችሁ ተመልሳችሁ ልትጠይቁ ትችላላችሁ።

የዛሬውን መልመጃ ልስጣችሁ። የንባብ ቡድኑ በሙሉ በዚህ ሳምንት ወደ ቀበሌው ወይም ወደ ወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ይሂድ። በአካባቢያችሁ ወንዝ ዳር የቆመ ታፔላ ካለም ወደዚያ ሂዱ። የሥራውን ስም፣ ዋጋውንና ያለቀበትን ቀን በደብተራችሁ ገልብጡ። ማንበብ ያልቻላችሁትን ፊደል እንደ ሥዕልም ቢሆን ሣሉት። ከዚያ ከሥራው ቦታ ሽቅብ አንድ ሩብ ሰዓት ተጓዙና ያያችሁትን በሁለት መስመር ጻፉ። ሰሌዳው ባዶ ከሆነም «ሰሌዳው ባዶ ነው» ብላችሁ ከነቀኑ ጻፉ። አመቻቾች ደብተሮቹን ሰብስባችሁ ላኩልን፤ በሚቀጥለው ዝግጅታችን የተወሰኑትን በስማችሁ ሳይሆን በቀበሌያችሁ እየጠራን እናነባቸዋለን። እስከዚያው ጤና ይስጥልኝ።